«አይተን እንነግርሻለን»

በክፉ አንደበት የሚነገር ክፉ ነገር ሞልቷል፤ እርሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ይነቅፈዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልከሰው የተነሣሁት ግን በደግ አንደበት የሚነገረውን ክፉ ነገር ነው። ይኸውም ጤነኞች ወደ በዓል ወይም ወደ ጕብኝት ሲነሡ እግሩ ለማይታዘዝለት ወንድማቸው የሚሉት ቃል ነው። «አንተ ዕረፍ፤ እኛ አይተን እንነግርሃለን» ይሉታል። ቃሉ ለጆሮ ለስላሳ ነው፤ ሲመረመር ግን በሰው ላይ በር መዝጋት ነው። በሩም የሚዘጋው በፈገግታ ስለ ሆነ የተዘጋበት ሰው ለመቈጣት እንኳ አይመቸውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ ከነገሩ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ታላቅ እኅቴ ገና በሕፃንነቷ በልምሻ ታማ እግሮቿ ሰለሉ። በጥምቀት ቀን እኛ ነጭ ለብሰን ታቦቱን ልንከተል ስንወጣ እርሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትሸኘን ነበር። ማታ ስንመለስ ዙሪያዋን ከበን ያየነውን እናወራላታለን። እርሷም ወሬያችንን ሰምታ ትስቅ ስለ ነበር የጐደለባት ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ሁለታችንም ሸበትን። ይህንኑ ቃል ግን በስተርጅና፣ ከአገር ርቄ፣ በአሜሪካ በኔቫዳ በረሃ ውስጥ በላስ ቬጋስ ከተማ ደግሜ ተናገርሁት።

ስለ ከተማዪቱ ጥቂት ልበል። የኔቫዳ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. ቁማርን በሕግ ፈቀደ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) ከዚያ ወዲህ በረሃው ላይ የበቀለው የመብራትና የሆቴል ብዛት ለዓይን የሚያስደንቅ ነው። ስትሪፕ የሚሉት ዋናው ጐዳና ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በግራና በቀኙ ካዚኖ የያዙ ታላላቅ ሆቴሎች ተደርድረውበታል። በዚያ ታክሲ ከሚነዱትና በሆቴሎቹ ከሚሠሩት መካከል የኛ አገር ልጆች ብዙዎች ናቸው። እኛም የሄድነው ለቁማር ሳይሆን እዚያ ሥራ ይዛ የምትኖረውን የእኅቴን ልጅ ለመጠየቅ ነበር።

በደረስን ማታ ከሆቴሉ ክፍል ውስጥ፣ «እትዬ፣ ከተማው ሰፊ ነው፤ ሙቀቱም ብርቱ ነው። አንቺ ዕረፊ፤ እኛ አይተን እንነግርሻለን» አልኋት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ ካየችኝ በኋላ፣ «60 ዓመት ሙሉ ስትነግሩኝ ኖራችኋል። ነገ እኔ አይቼ ልንገራችሁ» አለችኝ።

በማግሥቱም ዊልቸር በሚባለው ባለ መንኰራኵር ወንበሯ ሆና ወጣች። በአምስት ቀን ውስጥ የደረሰችበትን ልቍጠርልህ። በስትሪፕ ላይ የሚመላለሰው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ከደጃፉ መወጣጫ ይዘረጋልና ማንም ሳይሸከማት ገባች። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከምሥራቅ በኩል ካሉት ሆቴሎች ጀርባ የሚሄድ፣ ሞኖሬይል የሚባል ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር አለ። ጣቢያዎቹ 7 ናቸው፤ በየጣቢያው አሳንሰር አለ፤ የባቡሩም ወለል ከመሳፈሪያው ወለል ጋር እኩል ስለ ሆነ ወንበሯ ሳይደናቀፍ ተሻገረ። ቤላጂዮ ከሚባለውና በ1998 ዓ.ም. ከተከፈተው ሆቴል ፊት ለፊት ባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ውኃው በሙዚቃ ልክ ወደ ሰማይ እየተወረወረ ይጨፍራል። ይህን ለማየት ገንዘብ አይከፈልም፤ መንገዱም ከሐይቁ ዳር ድረስ ደልዳላ ነው። በዚያው ሆቴል ውስጥ እንደ ወቅቱ የሚለዋወጥ የአበባ አዳራሽ አለ፤ እርሱም ያለ ክፍያ የሚታይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ሃይ ሮለር የሚባለው ታላቅ መንኰራኵር ከፍታው 167 ሜትር ሲሆን አንዱን ዙር በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል። እኅቴ ከነወንበሯ ገብታ ከላይ ሆና ከተማውን በሞላ አየች። በአሮጌው የከተማ ክፍል ያለው የፍሪሞንት ጐዳና ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሪያ ለብሶ ለእግረኛ የተተወ ነው። በዚያ መኪና አያስጨንቅም፤ ሥዕልና ብርሃን ከጣሪያው ላይ ይፈስሳል።

ከከተማው ውጭም ወጣች። ከስትሪፕ በስተምዕራብ ሬድ ሮክ የሚባል የቀይ አለት አገር አለ። በዚያ 21 ኪሎ ሜትር የሚሆን የመኪና መንገድ አለቱን እየዞረ ስለሚያሳይ፣ ተራራ መውጣት የማይችል ሰው ከመኪናው ሳይወርድ የተራራውን ፊት ማየት ይችላል። በስተደቡብ ምሥራቅም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን የሁቨርን ግድብ አየን። ቁመቱ 221 ሜትር ነው። በሆዱ ውስጥ ካሉት ጠባብ መተላለፊያዎች አንዳንዶቹ ለወንበር የማይመቹ ስለ ሆኑ እኅቴ ከዚያ ቀረች፤ ከላይ ያለውን ግን ሁሉ አየች። ይህን ግድብ በመስከረም 30 ቀን 1935 ዓ.ም. መርቆ የከፈተው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። እርሱም ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ እግሮቹ ሽባ ሆነውበት፣ ለመቆም የብረት መደገፊያ የሚያስፈልገው፣ በቤቱም በባለ መንኰራኵር ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። ይህን ለእኅቴ ስነግራት ግድቡን ትታ እኔን እያየች፣ «እርሱንስ ዕረፍ፤ አይተን እንነግርሃለን ያለው የለም ማለት ነው» አለች። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ይህች ከተማ እንዴት ሩኅሩኅ ናት! ለደካማ እንዴት ታስባለች!» ይል ይሆናል። እኔም ቸኵዬ ይህን ብዬ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

መጀመሪያ፣ በሩን የከፈተው ርኅራኄ ሳይሆን ሕግ ነው፤ ሕጉንም ያወጡት ለጋሶች ሳይሆኑ ራሳቸው የተዘጋባቸው ሰዎች ታግለው ያስወጡት ነው። ጁዲት ሂውማን የምትባል የኒው ዮርክ ልጅ በሕፃንነቷ ልምሻ መታት። አምስት ዓመት ሲሆናት ትምህርት ቤት ልትገባ ብትሄድ፣ «ወንበርሽ እሳት ቢነሣ አደጋ ይሆናል» ተብላ ተመለሰች። ይህችው ልጅ አድጋ፣ በ1973 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ድንጋጌ ማስፈጸሚያው ሳይፈረም ሲጓተት፣ በ1977 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከመቶ ከሚበልጡ ጓደኞቿ ጋር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብታ ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻም ማስፈጸሚያው ተፈረመ። በመጋቢት 1990 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ወንበራቸውንና ምርኩዛቸውን ከታች ጥለው፣ የዋሽንግተንን የሕግ መወሰኛ ሕንፃ ደረጃ በእጃቸውና በጕልበታቸው እየተሳቡ ወጡ። ከመካከላቸው አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት በሐምሌ 26 ቀን ሆቴሉን፣ ምግብ ቤቱን፣ ቴያትር ቤቱን ሁሉ በሩን እንዲያስተካክል የሚያስገድደው ሕግ ተፈረመ። ስለዚህ እኅቴ በላስ ቬጋስ ያለ ሸክም የገባችበት እያንዳንዱ በር የዚያች የ8 ዓመት ልጅ ጕልበት የተላጠበት ነው። ምስጋና የሚገባው ካለ ለእርሷ ነው እንጂ ለካዚኖው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ካዚኖው በሕጉ ላይ የራሱን ጥቅም ጨምሮበታል። በሰፊው በር ተገብቶ ወደ አሳንሰሩ ለመድረስ፣ ወደ ምግብ ቤቱ ለመሄድ፣ አንዳንዴም ወደ ባቡሩ ጣቢያ ለመውጣት መንገዱ የሚያልፈው በቁማሩ አዳራሽ መካከል ነው። ከቁማር መኪናው ፊት ያለው ወንበር ተነሥቶ ለባለ ዊልቸሩ ቦታ ይለቀቅለታል። ይህ ደግነት ነውን? ጅብ በሩን አስፍቶ ቢከፍት አህያ «እንዴት ያለ ጥሩ ባለ ቤት ነው» ልትለው አይገባትም። ሩሌት የሚባለውን ጨዋታ እንደ ምሳሌ ውሰድ። በአሜሪካው መንኰራኵር ላይ ያሉት ቀዳዳዎች 38 ናቸው። በአንድ ቍጥር ላይ 1 ዶላር አስይዞ የረታ ሰው ግን ከነመያዣው የሚቀበለው 36 ዶላር ነው። ይህም ማለት 38 ዶላር ባስያዝህ ቍጥር በአማካይ 2 ዶላር ለቤቱ ትተህ ትሄዳለህ ማለት ነው። ጨዋታውን ባበዛህ መጠን ይህ ሒሳብ እየጠና እንጂ እየላላ አይሄድም። የዚያ ሁሉ መብራትና የዚያ ሁሉ እብነ በረድ ምንጩ ይህ የሁለት ዶላር ልዩነት ነው። ሒሳቡ እግር ያለውንና የሌለውን አይለይም፤ ሁሉንም እኩል ይገፍፋል።

ሦስተኛ፣ ትርፍ በሌለበት ቦታ ከተማው ርኅራኄውን ይረሳል። በዋናዎቹ መገናኛዎች እግረኛው ጐዳናውን የሚሻገረው በላይ በተሠሩት ድልድዮች ነው። ጤነኛው በተንቀሳቃሹ ደረጃ ሽቅብ ይወጣል፤ ባለ ወንበሩ ግን ተስፋው አንዱ አሳንሰር ነው። እኛ በደረስንበት አንድ ማታ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ቆየን። ድልድዩን አልፎ ለመሄድ ጤነኛው የሚፈጅበት ሦስት ደቂቃ ሲሆን እኛ ሌላ መሻገሪያ ፍለጋ በዚያ ሙቀት አንድ ሰዓት ዞርን። እኅቴ ያለቀሰችው በዚያ ጉዞ ሁሉ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያስለቀሳትም ድካም አይደለም። «ይኸው እንደገና ደጃፍ ላይ ነኝ» ነው ያለችው። በጥር 2024 ዓ.ም. ደግሞ የአውራጃው ምክር ቤት በእነዚህ ድልድዮች ላይ መቆምን የሚከለክል ደንብ አወጣ። አሳንሰር ለሚጠብቅ ሰው ደንቡ ቦታ ትቶለታል። ነገር ግን ልቡ ወይም ክንዱ ደክሞት በመካከሉ ጥቂት ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ምን ያድርግ? የመብት ተሟጋቾችም ደንቡን በመቃወም ክስ መሥርተዋል። እንዲህ ነው፤ ለቁማር የተቀመጠ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢቀመጥ የሚያስነሣው የለም፤ ለዕረፍት የቆመ ግን ጥፋተኛ ይባላል።

አሁን ደግሞ ከወዲህ የሚመጣውን ክርክር እንስማ። አንዳንዱ፣ «ጤነኛው ሁሉ እንጀራ ባላገኘበት ዓለም ስለ ስንኩላን ሽርሽር መጻፍ ቅንጦት ነው» ይላል። መልሴ ይህ ነው። ይህን የሚናገር ሰው ራሱ ከሰንበት ሽርሽሩ፣ ከሠርጉ፣ ከበዓሉ አልቀረም፤ ለራሱ ሲሆን የሕይወት ወግ ያለውን ለሌላው ሲሆን ቅንጦት ይለዋል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ዓይኑን የከለከልኸውን ሰው ፍርዱንም ከልክለኸዋል። በሰው ወሬ ብቻ የሚኖር ሰው የሰው አሳብ እስረኛ ነው። እኛ ለእኅቴ ጥምቀትን ስናወራላት የነገርናት የታየንን ነው፤ ለእርሷ ይታያት የነበረውን ግን ማንም አያውቅም፤ ከእንግዲህም አይገኝም።

ሌላው ደግሞ የሃይማኖት መልክ ለብሶ ይመጣና፣ «ደግሞ ወደ ቁማር ከተማ! እንኳን እግር የሌለው እግር ያለውም ባይሄድ ይሻላል። ቤቷ መቀመጧ ከኃጢአት ጠበቃት» ይላል። ይህ ክርክር ከሁሉ የሚከፋው ነው። መግባት ያልተቻለው ሰው አልገባም ማለቱ ምን ምግባር ይሆንለታል? እጁ የታሰረ ሰው አልሰረቀም ተብሎ አይመሰገንም። እኅቴ በየቀኑ በዚያ በቁማር አዳራሽ መካከል አለፈች። የሚጠራው መብራትና የሚያቃጭለው ድምፅ ለእርሷም እንደ ሌላው ሰው ተጠርቶባታል፤ ገንዘብም በቦርሳዋ ነበራት። እርሷ ግን አንዲት ሳንቲም ሳትጥል አለፈች። ይህ የራሷ ምግባር ነው፤ የደረጃ ምግባር አይደለም። ከፈተና የጠበቃት ደረጃው ቢሆን ኖሮ ምስጋናውን የሚወስደው ድንጋዩ ነበር። ደግሞም ቢሳሳቱ እንኳ የመሳሳት ነፃነት ለጤነኞች ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ወጣት ሆይ፣ አሁን ፊትህን ወደ አገርህ መልስ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ፣ ቍጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዝዛል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ፤ ደረጃውም በድንጋይ ተሠርቶ አለ፤ እስካሁን በብዙ ቦታ የሚያሸንፈው ድንጋዩ ነው። እኛ ለስንኩል ሰው የምናውቀው ደግነት ምጽዋት ነው። ምጽዋት መልካም ነው፤ ነገር ግን ምጽዋት ሰውን የሚያገኘው በር ላይ ነው፤ እዚያውም ይተወዋል። መወጣጫ ግን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የቁማር ቤት ለትርፉ ሲል ያደረገውን ትምህርት ቤታችን፣ ፍርድ ቤታችንና የጸሎት ቤታችን ለጽድቅ ሲሉ ካላደረጉት፣ በፍርድ ቀን የሚያፍረው ማን ይሆን?

ለአንተ የሚቻልህን ጥቂት ነገር ልንገርህና ልፈጽም። እንደ እኅቴ ካለ ሰው ጋር ጉዞ ስታስብ መጀመሪያ «ምን ማየት ትፈልጋለህ?» ብለህ እርሱን ጠይቀው፤ «ትችላለህን?» ብለህ አትጀምር። ሆቴሉን አስቀድመህ ስትጠይቅ «ለአካል ጉዳተኛ ይመቻልን?» ብለህ ብቻ አትተው፤ ሁሉም «አዎን» ይላልና። የበሩ ስፋት ስንት ነው? መታጠቢያው ቤት ደፍ አለውን? ከአልጋው አጠገብ ወንበር ያዞራልን? ብለህ ዝርዝሩን ጠይቅ። እንደ ላስ ቬጋስ ያለ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ አገር ከሆነ በማለዳ ውጡ፤ ውኃ ያዙ። ሕንፃዎቹ ግዙፍ ስለ ሆኑ ቅርብ የሚመስለው ሩቅ ነውና በዓይን ልክ አትለኩ። ወንበሩን ሳታስፈቅድ አትግፋ፤ እርሱ እግሩ ነው። አስተናጋጅ ከላይህ ሆኖ «እርሳቸው ምን ይበሉ?» ብሎ አንተን ቢጠይቅህ አትመልስ፤ «ራሳቸውን ይጠይቁ» በለው። የተበላሸ አሳንሰር ብታገኝ፣ አንተ በደረጃው መውጣት የምትችል ብትሆንም፣ ሳታመለክት አትለፍ። ሕንፃ ሠሪ ለመሆን የምትማር ከሆንህ ደግሞ ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ አንተ ልትፈጽመው ትችላለህ፤ እርሳሱ በእጅህ ነውና።

በመጨረሻው ማታ እኅቴ ልጇን፣ እኔንና ባለቤቴን አስቀምጣ ያየችውን ነገረችን። ከቁመቷ ዝቅታ የተነሣ እኛ ያላየነውን አይታለች። በውኃው ዳር ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ፣ አንድ ሕፃን ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ በአጥሩ ቀዳዳ ጉንዳን ሲከተል እንደ ነበረ ነገረችን። በቁማር መኪናው ፊት ከእርሷ ጋር ዓይን ለዓይን የተያየች አንዲት አሮጊት፣ ገንዘቧ አልቆ ሳለ እጇን ከመኪናው ላይ ማንሣት እንዳቃታት ነገረችን። እኛ ሦስታችን ቆመን ስላለፍን ያን ፊት አላየነውም ነበር። ስትጨርስም፣ «እንግዲህ አይቼ ነገርኋችሁ» አለችና ሳቀች። የዚያን ዕለት ሳቋ በጥምቀት ማታ ከምታስቀው ሳቅ የተለየ መሆኑን አወቅሁ፤ ያንን የልጅነት ሳቅ ደስታ ብዬ የቈጠርሁበትን ዘመን ሁሉ እያሰብሁ ሌሊቱ ነጋ።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ «አይተን እንነግርሃለን» የሚለውን ቃል ከአፍህ አውጥተህ ጣለው፤ በእርሱም ፈንታ «በምን እንሂድ?» ማለትን ልመድ።